«ላይ» ማለት ሰሜን ነው ወይስ ዳገት?

ጥያቄ፦ «ሰላም መምህር፣ እንዴት ሰነበቱ? የምኖረውም የምሠራውም ሱሉልታ ነው። ዕቃ ለሚያደርስ አንድ ድርጅት የሰፈር ካርታ አዘጋጃለሁ፤ ለሾፌሮቹም ከካርታው ጋር አጭር የአቅጣጫ ማብራሪያ እጽፋለሁ። በቀደም ‹ከገበያው በላይ 200 ሜትር› ብዬ ጻፍኩ። ካርታው ላይ ቤቱ ከገበያው በላይ ነው፣ ማለትም ሰሜን። ሾፌሩ ግን ወደ እንጦጦ አቅጣጫ ሄዶ ሲፈልግ ዋለ። በኋላ ስንጨቃጨቅ ‹ላይ ማለት ወደ እንጦጦ ነው፣ ይሄን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል› አለኝ። አለቃዬም ለሱ ፈረደለት። እውነት በአማርኛ ሰሜንን ‹ላይ› ማለት ስህተት ነው? ከሆነስ ምን ልጻፍ?»

መልስ፦ ሾፌሩ አማርኛውን በደንብ ነው የተረዳው። አንቺም ካርታውን በደንብ ነው ያነበብሽው። የተጋጩት የወረቀቱ «ላይ» እና የመሬቱ «ላይ» ናቸው። ሁለቱ ሲጋጩ ደግሞ አማርኛ የሚያደላው ለመሬቱ ነው። ስለዚህ አጭሩ መልስ፦ አዎ፣ ሰሜን ለማለት «ላይ» ብለሽ አትጻፊ።

ረጅሙ መልስ ትንሽ ዙሪያ ጥምጥም አለው፤ ጊዜ ካለሽ አብረን እንሂድ።

በንግግራችን «ላይ» እና «ታች» ከኮምፓስ ጋር ዝምድና የላቸውም። የሚከተሉት ዳገትና ቁልቁለትን ነው። እንጦጦ ይወጣል፣ አዳማ ይወረዳል። ድሬዳዋ ያለ ሰው «ሐረር ወጣሁ» ይላል፤ ሐረር በካርታው ከድሬዳዋ ደቡብ ምሥራቅ መሆኗ አያስጨንቀውም። ቆላና ደጋ ያለበት አገር ውስጥ ያደገ ቋንቋ ነውና አቅጣጫውን በእግሩ ነው የሚያውቀው።

አዲስ አበባ ላይ የምንምታታው ነገሩ በአጋጣሚ ስለሚገጥም ነው። ከተማዋ ከሰሜን፣ ከእንጦጦ ተነስታ ወደ አቃቂ እየወረደች ትሄዳለች። እንጦጦ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ አቃቂ በኩል ደግሞ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ፒያሳ ከለገሃር በላይ ነው ስንል ካርታውም ይስማማል፣ ጉልበታችንም ይስማማል። ስለዚህ መሀል ከተማ ያደገ ሰው «ላይ» ሲል ዳገቱን ይበል ሰሜኑን ይበል ለይቶ የማያውቅበት ዕድል ሰፊ ነው፣ መለየትም አስፈልጎት አያውቅም። ተራራውን ተሻግሮ እናንተ ጋ ሲመጣ ግን ጉዱ ይፈላል። እንጦጦ ያው ዳገት ነው፣ ያው «ላይ» ነው፤ አሁን ግን በስተደቡብ ሆኗል።

የሱሉልታ ብቻ ጉዳይ እንዳይመስልሽ። የወረዳ ስሞቻችንን እዪ። ላይ ጋይንት ከታች ጋይንት በስተሰሜን ነው፤ እሺ፣ እዚህ ካርታው ተስማማ። ላይ አርማጭሆና ታች አርማጭሆ ጋ ስንመጣ ግን ተገላቢጦሽ ነው፦ «ላይ» የተባለው በስተደቡብ፣ «ታች» የተባለው በስተሰሜን ይገኛል። ሰሜን በዚያ በኩል ወደ ቆላው የሚወስድ አቅጣጫ ነውና። ስሙን ያወጡት ሰዎች መሬቱን እያዩ እንጂ ወረቀት ዘርግተው አይደለም።

ከዚህም የቀረበ ምሳሌ አለ። ዜና ላይ ስለ አባይ በተነሳ ቁጥር «የታችኛው ተፋሰስ ሀገራት» ሲባል ትሰሚያለሽ። ሱዳንና ግብፅ ማለት ነው። እስቲ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ካርታ ቀና ብለሽ እዪ፤ ሁለቱም ከእኛ በላይ ናቸው! ግን ይሄን ሰምቶ ግራ የተጋባ ሰው አይቼ አላውቅም። ውሃው ወዴት እንደሚወርድ ሁሉም ያውቃላ። ግብፆችም የሀገራቸውን ደቡብ «ላይኛው ግብፅ» ነው የሚሉት።

ታዲያ «ላይ ሰሜን» የሚለው ከየት መጣ? ከትምህርት ቤት። መምህሩ ጥቁር ሰሌዳው ላይ መስቀለኛ መስመር ያሰምራል፤ ላይ ሰሜን፣ ታች ደቡብ፣ ቀኝ ምሥራቅ፣ ግራ ምዕራብ። ጥሩ የማስታወሻ ዘዴ ነው። ግን አንድን ዓይነት ወረቀት የማንበቢያ ደንብ ነው እንጂ የቃላት ፍቺ አይደለም። ደንቡም ቢሆን ከጥንት ጀምሮ በሁሉም ዘንድ የጸና አልነበረም።

በ2ኛው መቶ ዘመን እስክንድርያ ላይ የሠራው የመልክዓ ምድር ሊቅ በጥሊሞስ ሰሜንን ከላይ ማድረግ ይመርጥ ነበር። ከሱ በኋላ ግን ለብዙ መቶ ዓመታት ሰው በየፊናው ነው የሄደው። የመልክዓ ምድር ሊቁ አል ኢድሪሲ በ1154 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው) ለሲሲሊው ንጉሥ ለሮጀር 2ኛ የሠራው የዓለም ካርታ ደቡብን ከላይ ያደርጋል። እንግሊዝ አገር ሄርፎርድ ካቴድራል ውስጥ ያለው፣ በ1300 አካባቢ የተሠራው ትልቅ ብራና ደግሞ ምሥራቅን ከላይ አድርጎ ገነትን እዚያ ጫፍ ላይ፣ ኢየሩሳሌምን መሀል ላይ ያስቀምጣል። ይሄኛው ለኛ ሰው ብዙም እንግዳ አይሆንበትም። ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ የሚጸልይ ሰው ዓለምን እንደዚያ ቢስላት ምን ይገርማል?

እኔ በተለይ የምወደው የፍራ ማውሮን ካርታ ነው። ሰውዬው ቬኒስ አጠገብ፣ በሙራኖ አቅራቢያ ባለች ሳን ሚኬሌ የምትባል ደሴት ላይ የሚገኝ ገዳም መነኩሴ ነበር። በ1450 አካባቢ የሠራው ካርታ ክብ ነው፣ ደቡብም ከላይ ነው። ስለ ኢትዮጵያ የጻፈውን ከየት እንዳገኘ ራሱ ካርታው ላይ ይናገራል፦ እዚያው የተወለዱ የሃይማኖት ሰዎች አውራጃዎቹን፣ ወንዞቹንና ተራሮቹን ከነስማቸው በገዛ እጃቸው ስለውለት ነው። የእኛ መነኮሳት ጣልያን አገር ተቀምጠው የሀገራቸውን ወንዞች ሲስሉ ይታይሽ። በዚያ ካርታ ላይ ኢትዮጵያ ከግብፅ በላይ ናት፤ አባይም ወረቀቱ ላይ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ሾፌራችሁ ያንን ካርታ ቢያገኝ አንድም ቀን ባልተሳሳተ ነበር (ጣልያንኛውን ካነበበ ማለቴ ነው)።

ባሕረኞቹ ደግሞ ጭራሽ ከ«ላይ» እና ከ«ታች» ጣጣ ነፃ ወጥተዋል። የሜዲትራኒያን መርከበኞች ቢያንስ ከ13ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ፖርቶላን በሚባሉ የባሕር ካርታዎች ይጠቀሙ ነበር። ከተረፉት ውስጥ በጣም ጥንታዊ የሚባለው ካርታ ፒሳና ዛሬ ፓሪስ፣ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። እነዚህም ብራና ላይ ነው የሚሣሉት። ባሕሩ ለንፋስ አቅጣጫ መስመሮች ክፍት ይተዋል፤ የወደቦቹ ስሞች በየብሱ በኩል፣ ከባሕሩ ዳርቻ ቀጥ ብለው ወደ ውስጥ እየገቡ ይደረደራሉ። ዳርቻው ሲታጠፍ ፊደሉም አብሮ ይታጠፋል። ስለዚህ በዚህኛው ዳርቻ ያለውን ስም ስታነቢ የዚያኛው ዳርቻ ይገለበጥብሻል። ይህ እንከን አይደለም፣ ታስቦበት ነው። መርከበኛው ብራናውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ መርከቧ በዞረችበት ያዞረዋል። ዋና ዋና ወደቦች በቀይ ቀለም፣ ሌሎቹ በጥቁር ይጻፋሉ፤ የኛ ጸሐፍት የቅዱሳንን ስም በቀይ እንደሚጽፉት ዓይን ቶሎ ያርፍበታል። ለተጠቃሚ የሚመች ካርታ ዛሬ የተፈጠረ ነገር የሚመስላቸው ሰዎች ይሄን ቢያዩት ደስ ይለኛል።

ሰሜን ቦታውን የያዘው ቀስ በቀስ ነው። በጥሊሞስ ስለ ካርታ አሠራር የጻፈው መጽሐፍ በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ወደ ላቲን ተተረጎመ፣ ኮምፓስ ተለመደ፣ ኅትመት መጣ። ካርታ ሠሪው መርካቶር በ1569 ለባሕረኞች ያወጣው ካርታም፣ ቀጥ ያለ መስመር ካሰመርሽበት መርከቧ አንድ የኮምፓስ አቅጣጫ ይዛ የምትሄድበትን መንገድ የሚሰጠው ማለት ነው፣ ሰሜንን ከላይ አደረገ። ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆነ። ልማዱ ጥሩ ነው፣ አንድ ወጥ መሆን ይጠቅማል፤ ግን ልማድ ነው።

አሁን ወደ ሾፌርሽ ልመለስ፤ የሱን ጣጣ የሚያጠኑ ሰዎች አሉና። ሼፐርድና ሜትዝለር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1971 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰው የዞረን ቅርጽ በሐሳቡ ሲመልስ የሚወስድበት ጊዜ በዞረበት ልክ እየጨመረ እንደሚሄድ አሳዩ። ብዙ በዞረ ቁጥር ብዙ ያስባል ማለት ነው። ማርቪን ሌቪን ደግሞ በ1980ዎቹ «እርስዎ እዚህ ነዎት» የሚሉትን የግድግዳ ካርታዎች ያዘ። ካርታው አንባቢው ፊቱን ካዞረበት አቅጣጫ ጋር ሳይገጥም ሲሰቀል ብዙ ሰው በተቃራኒው መንገድ ይሄዳል። ትክክለኛው አሰቃቀል አንባቢው ከፊቱ ያለው ነገር ካርታው ላይም ከላይ ሲሆን ነው። ይሄን ባነበብኩ ቁጥር አንድ የኮንዶሚኒየም ሳይት በር ላይ የተለጠፈው ፕላን ትዝ ይለኛል። የምትገቢው ወደ ደቡብ እያየሽ ነው፣ ፕላኑ ሰሜንን ከላይ አድርጓል፣ እንግዳው ሁሉ ብሎኩን ለማግኘት አንገቱን አጣሞ ቆሞ ታገኚዋለሽ።

ስልክ ላይም ያው ምርጫ አለ፤ ካርታው ከመኪናው ጋር ይዙር ወይስ ሰሜኑን ይዞ ይቁም? ጥናቶቹ በጥቅሉ የሚሉት፣ የሚዞረው «አሁን ወዴት ልታጠፍ» ለሚለው ይሻላል፣ የማይዞረው ደግሞ አካባቢውን በአእምሮ ለመያዝ ይሻላል ነው። አንቺ ቢሮ ተቀምጠሽ ሰፈሩን በሙሉ ነው የምታዪው። እሱ መሪ ይዞ የሚቀጥለውን መታጠፊያ ነው የሚያስበው። ሁለት ሥራ ስለሆነ ሁለት ዓይነት አማርኛ ይፈልጋል።

ለካርታው ወረቀት «በስተሰሜን» በይ። «በስተ» የምትለዋን አትናቂያት፣ ሥራ አላት። «ከገበያው በስተሰሜን» ስትዪ ከገበያው ውጭ፣ በሰሜኑ በኩል ማለትሽ ነው። «በገበያው ሰሜን» ካልሽ ግን ገበያው ውስጥ፣ ሰሜናዊው ጫፍ ላይ ነው ብሎ የሚረዳሽ አይጠፋም። «ወደ ሰሜን» ደግሞ የሚንቀሳቀስ ነገር ይፈልጋል፤ ሰው ይሄዳል፣ መንገድ ይታጠፋል፣ ቤት ግን ወደ ሰሜን አይገኝም። «ወደ ሰሜን አቅጣጫ» የሚለውን ብዙ ሰው ይጽፈዋል፣ «አቅጣጫ» ብትቀርም ምንም አይጎድልም፤ አልጣላበትም።

ለሾፌሩ ግን የመሬቱን አማርኛ ስጪው። ማስታወቂያ የሚጽፉ ነጋዴዎች ይሄን ከማናችንም በላይ ተክነውበታል፦ ከቤተ ክርስቲያኑ ከፍ ብሎ፣ ከአደባባዩ ዝቅ ብሎ፣ ከታክሲ ማዞሪያው ገባ ብሎ፣ ድልድዩ ሳይደርሱ፣ ነዳጅ ማደያውን አለፍ ብሎ። «ሎኬሽን ላክልኝ» በተባለበት ዘመን እንኳ ሰውዬው ደርሶ ሲደውል የሚባለው «ትንሽ ዝቅ በል» ነው። እነዚህ ቃላት ዳገቱን ወይም የሂያጁን ጉዞ ስለሚይዙ ኮምፓስ አይጠይቁም። «በቀኝ በኩል» ስትዪ ብቻ ከየት ለሚመጣ እንደሆነ ጨምሪ። ለሚወጣ ቀኝ የሆነው ለሚወርድ ግራ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ባትጠይቂኝም። «በላይ» ከቁጥር አጠገብ ስትገባ ሌላ መዘዝ ታመጣለች። «ከገበያው በላይ 200 ሜትር» እና «ከገበያው ከ200 ሜትር በላይ» አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ከ200 ይበልጣል ማለት ነው፤ 250 ይሁን 900 አይታወቅም። ስልክ ላይ በችኮላ ሲነበብ ደግሞ ያቺ «ከ» በቀላሉ ትዋጣለች። በመመሪያ ጽሑፍ ውስጥ «በላይ»ን ለብዛት ብቻ ብትተዪያት ብዙ ጭቅጭቅ ትቀንሻለሽ።

እንግዲህ ያቺን ማብራሪያ እንደገና እንጻፋት። ካርታው ላይ፦ «ከገበያው በስተሰሜን 200 ሜትር»። ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሾፌር፦ «ገበያውን አልፈህ 200 ሜትር»። ከሰሜን፣ ከጫንጮ በኩል ለሚመጣው ደግሞ፦ «ገበያው ሳትደርስ፣ 200 ሜትር ሲቀርህ»።