የስንዴው ብርድ ልብስ

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የፈጀሁት በግብርና ሙያ ነው። በወጣትነቴ ለሥልጠና ወደ ቻይና፣ ሄናን ወደሚባለው የስንዴ አገር ተልኬ ነበር። አንድ ጠዋት ስንነሳ ማሳው በሙሉ በረዶ ለብሷል። እኛ አገር በረዶ ሲባል ትዝ የሚለን ሰብል የሚያወድመው ነውና ደነገጥን። አብረውን የነበሩት ሽማግሌ ገበሬ ግን ፊታቸው በርቷል። ቁጢጥ ብለው በረዶውን በእጃቸው ገለጥ አደረጉት። ከሥሩ ያለው ቡቃያ አረንጓዴ ነው። «ስንዴ በብርዱ ወራት ሦስት ብርድ ልብስ ከደረበ፣ ለከርሞ ማንቶ ተንተርሰህ ትተኛለህ» አሉን። ማንቶ በእንፋሎት የሚበስል ነጭ ዳቧቸው ነው።

አባባሉ ውስጥ ሳይንስ አለ። እንደ ባዘቶ ጥጥ የላላው በረዶ አየር ይዞ ቡቃያውን ከውርጭ ይከልላል። ብርዱ ሲያልፍ ደግሞ ቀልጦ አፈሩን ያርሰዋል። በዚያ አካባቢ ያኔ ዝናብ እምብዛም ነው።

ዛሬ «ቻይናዎች እንዲህ ይላሉ» እየተባለ ስልካችሁ ላይ የሚዞረውን ጥቅስ አያለሁ። ብዙው ከየት እንደመጣ አይታወቅም። የገጠሩ ሰው አባባል ግን እጁ አፈር የነካ ነው። ስለ ፍግ እንኳ ይናገራል፦ «ሰብል አበባ ነው፤ አባወራው ግን ፍግ ነው።» እኔ እንዲህ ያለውን እወዳለሁ።

ቀን የሚቆርጥም አለ። «ነጭ ጤዛ ይቀድማል፣ ቀዝቃዛ ጤዛ ይዘገያል፤ ስንዴ የሚዘራው ቀንና ሌሊት እኩል ሲሆን ነው።» እነዚህ ዓመቱን ለ24 የሚከፍለው የጥንት አቆጣጠራቸው ስሞች ናቸው። ዩኔስኮም በ2016 እ.ኤ.አ. መዝግቦታል። ነጭ ጤዛ በፈረንጆቹ መስከረም መጀመሪያ ግድም ነው፣ ቀዝቃዛ ጤዛ ጥቅምት 8 ገደማ። ቀድሞ የተዘራ ስንዴ ከልክ በላይ አድጎ ብርድ ይመታዋል። የዘገየውም ሳይጠነክር ብርዱ ይደርስበታል። ይህ ለሰሜኑ ነው የሚሠራው፤ ደቡብ ቻይና ወስዳችሁ ብትዘሩበት ያሳስታችኋል። ስለዚህ አባባል ስትሰሙ «የየት አገር ነው? ምን ሲሠሩ ነው ያሉት?» ብላችሁ ጠይቁ። የአያቶቻችሁንም እንደዚያው።

አንዱን ግን እኔ በጊዜው አልሰማሁትም። «ሰው መሬትን ለአፍታ ቢበድል፣ መሬት ሰውን ዓመት ትበድለዋለች» ይላሉ። ጽፌ ይዤው ተመለስኩ፣ በቃ። ከዓመታት በኋላ በእኛ ደጋ አንድ ገበሬ ለሙከራ መሬታቸውን ሰጡኝ። የዘሩ ቀን ደርሶ እኔ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። «አሥር ቀን ምን አላት» ብዬ አዘገየሁት። ፍሬው ሊሞላ ሲል ዝናቡ ቆመ። በአጨዳ ሰዓት ሄድኩ። ገበሬው አንድ ዛላ በመዳፋቸው አሹ፤ ገለባውን እፍ አሉና የቀረውን እጄ ላይ አደረጉልኝ። የተኮማተረ፣ ክብደት የሌለው ፍሬ ነበር። ምንም አላሉኝም።