የቀልድ ፕሮግራም ሲቪ ላይ ይጻፋል?

ጠያቂያችን አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የሶፍትዌር ድርጅት ከገባ ገና ዓመት ያልሞላው ጀማሪ ፕሮግራመር ነው። ጥያቄው ባጭሩ ይህን ይመስላል፦

«አብራኝ ከምትሠራ ልጅ ጋር ምሳ ሰዓት ላይ የማይረቡ ፕሮግራሞች እንጽፋለን። አንዱ የቴሌግራም ቦት ነው፤ ምንም ብትጠይቁት ‹ሲስተም የለም፣ ነገ ይመለሱ› ይላል። ሌላው የሐበሻ ቀጠሮ ማስያ ነው። ሰውየው ‹ደርሻለሁ› ካለ ገና ከቤት እንዳልወጣ ገምቶ፣ በእርግጥ የሚደርስበትን ሰዓት ይናገራል። ጓደኞቻችን በሳቅ ሞቱ። ታላቅ ወንድሜ ግን ‹በዚህ ጊዜ ሰርተፍኬት ብትይዝበት አይሻልም?› ይለኛል። አሁን አንድ ባንክ ላመለክት ነው። ኮዳችንን ያስቀመጥኩበትን የጊትሃብ ገጼን ከፍተው ይህን ቢያዩ ቀልደኛ ነው ብለው አይንቁኝም? ላጥፋው ወይስ ልተወው?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሳቄን ልጨርስ። «ሲስተም የለም» የሚል ቦት ሠርተህ ባንክ ልታመለክት! ለነገሩ እነዚያ ሰዎች ቀልዱን ካንተ በላይ ያውቁታል፤ ሲስተም በጠፋ ቁጥር የደንበኛውን ቁጣ የሚሸከሙት እነሱ ናቸው።

አታጥፋው። ግን አሁን እንዳለ ሆኖ አታሳየው።

የጀማሪ ፕሮግራመሮች ሲቪ ብዙ ጊዜ እርስ በርሱ ይመሳሰላል። ከዩቲዩብ ትምህርት የተቀዳ አንድ ፕሮጀክት፣ የመመረቂያ ሥራ፣ ከሥሩ ደግሞ «በቡድን መሥራት እችላለሁ» የምትል መስመር። አንተ ግን ማንም ሳያዝህ የጀመርከው፣ ሰው ከፍቶ የተጠቀመበት ነገር አለህ። ይህ ቀላል አይደለም። ሰው መሳቁ ብቻውን ግን አያስቀጥርህም። ኢንተርቪው የሚያደርግህ ሰው ስቆ ሲያበቃ «እሺ፣ ምኑ አስቸገራችሁ?» ይልሃል፤ ሥራው የሚገኘውም የሚታጣውም እዚያች ጥያቄ ላይ ነው።

የቀጠሮ ማስያው ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ አለው። አንዱ ሰው «ሰዓት» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «ሠዓት»፣ ሦስተኛው «ሰአት»። ለእኛ ሁሉም አንድ ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ያለህን ሰው ኮምፒውተሩ የሚያውቀው 9 ሰዓት ብሎ ነው። ያ እንኳ ቀላል ነው፣ ስድስት ትደምራለህ። «ማክሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት» ሲልህስ? በሰውየው አነጋገር ገና የማክሰኞ ሌሊት ነው፤ በኮምፒውተሩ ግን እኩለ ሌሊት አልፎ ረቡዕ ገብቷል። ጳጉሜንም አለች፣ አንዳንዴ 5 ቀን፣ አንዳንዴ 6። ባንክ ውስጥ ደግሞ ቀን በቀልድ አይታይም። የብድር መክፈያው ቀን በአንድ ቀን ቢዛነፍ ማን እንደሚጮህ መገመት አያቅትህም። ስለዚህ ባንክ ስትሄድ መጀመሪያ የምታወራው ስለ ቀጠሮ ማስያው ይሁን፤ ቦቱን ካነሱት ሳቅ በልና ስለ እሱም አስረዳ። የየትኛውም ባንክ አርማ ወይም ስም ለጥፋችሁበት ከሆነ ግን ዛሬውኑ አንሱት።

ስትናገር አታስውበው። «ለቀልድ የጻፍነው ነው። ሰው በአማርኛ የጻፈውን ሰዓት ወደ ኮምፒውተሩ ሰዓት ይቀይራል። የሌሊቱ ሰዓት አስቸገረን፣ እንዲህ አድርገን ፈታነው። ይሄኛው ክፍል ግን እስካሁን አይሠራም።» ይበቃል። «የቀጠሮ አስተዳደር ፕላትፎርም» ምናምን ብለህ ከጻፍክ ኮዱን ሲከፍቱት ይስቁብሃል፣ ያኔ የሚስቁት ደግሞ በቀልዱ አይደለም።

ከማመልከትህ በፊት የአንድ ቅዳሜ ሥራ አለብህ። ግማሽ ገጽ መግለጫ ጻፍለት፣ ለሌሊቱ ሰዓትና ለጳጉሜን ቴስት (በትክክል መሥራቱን የሚፈትሽ ትንሽ ኮድ) ጨምር። የቦቱ ቶክን፣ ማለትም ቦቱን የሚያዝዙበት የምስጢር ቁልፍ፣ ኮዱ ውስጥ ተጽፎ ጊትሃብ ላይ ወጥቶ እንደሆነም እይ። ወጥቶ ከሆነ መስመሩን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ ጊትሃብ በሚይዘው የኮዱ የድሮ ታሪክ ውስጥ ይቀራልና፤ ቦትፋዘር ላይ (የቴሌግራም ቦቶች የሚመዘገቡበት ቦት) ግባና አሮጌውን ሰርዘህ አዲስ አውጣ። ባንክ የሚቀጥርህ ሰው ከቀልዱ ይልቅ የሚደነግጠው በዚህ ነው።

ታላቅ ወንድምህ ክፋት የለውም። የኔትወርክ ሥራ ብትፈልግ ኖሮ እኔም ሰርተፍኬቱን አስቀድም እልህ ነበር። ምሳ ሰዓትህን ግን አይንካብህ።

ለእሱ የምትነግረው አንድ ታሪክ ልስጥህ። እ.ኤ.አ. በ1969 ቤል ላብስ በሚባለው የአሜሪካ የስልክ ኩባንያ የምርምር ተቋም ውስጥ ኬን ቶምፕሰን የሚባል ፕሮግራመር የጠፈር መንኮራኩር የሚነዳበት ጨዋታ ጽፎ ነበር። በትልቁ የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር አንዴ ለመጫወት የማሽኑ ጊዜ ወደ 75 ዶላር ያወጣ ነበር። ስለዚህ ብዙ ሰው የማይነካው ፒዲፒ-7 የሚባል ትንሽ ማሽን ፈለገና ከሥራ ባልደረባው ከዴኒስ ሪቺ ጋር ጨዋታውን ለዚያ እንደገና ጻፉት። እዚያው ማሽን ላይ መሥራቱን ቀጠሉና ዩኒክስ የሚባለው ዝነኛ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የተወለደው ከዚያ ነው። የእናንተ ቦት ዩኒክስ ይሆናል ማለቴ አይደለም፣ አይሆንም። ግን እነዚያ ሰዎች ማሽኑን የለመዱት በጨዋታ ነው። እንዲያው ቀልዱን ካነሳን፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ሁለት የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ኢንተርካል የሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ሠርተዋል። በቂ ጊዜ «እባክህ» ካላልከው ጨዋ አይደለህም ብሎ ኮድህን አይቀበልም፤ ከበዛበትም አይቀበልም። ያገራችን ሽማግሌዎች የጻፉት ነው የሚመስለው።

አሁን ወደማልቀልድበት ልምጣ። ቀልዱ የሚሮጠው በራሳችሁ ላፕቶፕ፣ በራሳችሁ ሰርቨር፣ በፈጠራችሁት ዳታ ላይ ብቻ ይሁን። የባልደረባ ኮምፒውተር ከፍቶ «እስቲ ላስደንግጠው» ማለት፣ የድርጅቱን ሰርቨር ለቦት ማዋል፣ እውነተኛ የደንበኛ ስልክ ለሙከራ መጠቀም፣ አንዱም አይነካ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ኮምፒውተር ውስጥ መግባትን ወንጀል ያደርገዋል፤ «ቀልዴን ነው» ብሎ ማምለጫ የለም። እ.ኤ.አ. በ1988 ሮበርት ሞሪስ የሚባል የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በኢንተርኔት ራሱን የሚያባዛ ፕሮግራም ለቀቀ። ለጉዳት አላሰብኩም አለ፣ ፕሮግራሙ ግን ከታሰበው በላይ ተባዝቶ ብዙ ማሽኖችን አንቆ ያዘ። 3 ዓመት አመክሮ፣ 400 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎትና ከ10,000 ዶላር በላይ ቅጣት ተፈረደበት። የሥራ ውልህንም አውጣና አንብብ። በእኛ የቅጂ መብት ሕግ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ በቅጥር ሥራህ ላይ የፈጠርከው ነገር የቀጣሪህ ነው። ምሳ ሰዓት በራስህ ላፕቶፕ የተጻፈ ቀልድ እዚያ ውስጥ አይገባም ብትል ያስኬድሃል፤ በመሥሪያ ቤቱ ላፕቶፕ ከጻፍከው ግን ክርክር ታመጣለህ።

አንድ ነገር ደግሞ አልጠየቅከኝም። ጊትሃቡ ያንተ ነው፣ ሲቪው ያንተ ነው፣ ኮዱ ግን የሁለታችሁ ነው። አብራችሁ አንድ ላፕቶፕ ላይ ከጻፋችሁ ሁሉም ነገር በአንተ ስም ተመዝግቦ ይሆናል። ስሟን መግለጫው ላይ አስገባ፤ ኢንተርቪው ላይም «የሌሊቱን ሰዓት የፈታችው እሷ ናት» ማለት ካለብህ በል፣ አያሳንስህም። እንዲያውም ሲቪው ላይ የጻፍካት ያቺ «በቡድን መሥራት እችላለሁ» የምትለው መስመር ያኔ ትታመናለች። ሥራ ልትቀይር መሆንህን ልጅቷ እንድታውቅ አትፈልግ ይሆናል፣ ይገባኛል። ቢሆንም ማመልከቻውን ሳትልክ ንገራት፤ ማን ያውቃል፣ እሷም እዚያው ባንክ አመልክታ ሊሆን ይችላል።