ባለ መስመር ሹራብና የክር ጫፍ ጣጣ፦ ጥያቄና መልስ

ደብረ ብርሃን ላይ ውርጩ ሲጀምር ሹራብ የማያነሳ ቤት የለም። ሰሞኑን ስለ ባለ መስመር ሹራብ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። አብዛኛው ጥያቄ ያው ስለ ክር ጫፍ ነው፤ ከሱ እንጀምር።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ የልጄን ሹራብ ስጨርስ ከውስጥ በኩል የክር ጫፍ እንደ ፍየል ጢም ተንጠልጥሎ ቀረ። መሸጎጡ ታከተኝ። መላ የለውም? (ከመሐል ሜዳ)

አለው፤ ግን መላው የሚመታው ሥራው ሳይጀመር ነው። እስቲ ሒሳቡን ተመልከቺ። ክር እየቆረጥሽ ከሠራሽ አንድ መስመር ሁለት ጫፍ ይተዋል። የፊቱ ክፍል 20 መስመር ካለው 40 ጫፍ ሆነ ማለት ነው። ጀርባውና እጅጌዎቹ ገና አልተቆጠሩም! ሁለቱን ቀለም ሳትቆርጪ ብትሠሪ ግን ፊቱ ላይ የሚኖርሽ አራት ጫፍ ብቻ ነው።

ለዚህ መስመሩ ጠበብ ይበል፤ 2 ወይም 4 ረድፍ። ያኔ ሁለቱም ክሮች በአንድ ዳር ይገናኛሉ። በሰማያዊው ስትሠሪ ነጩ ዳር ላይ ይጠብቅሻል። በየሁለት ረድፉ የምትሠሪበትን ክር በሚጠብቀው ላይ አንዴ ጠምዝዘሽ እለፊ።

ዋናው ጥንቃቄ አለመሳብ ነው። ነጩን ወደ ላይ ስታመጪው ከሳብሽው የሹራቡ ዳር ይሸበሸባል። በጣም ካላላሽው ደግሞ የልጅ ጣት የሚይዝ ቀለበት ይንጠለጠላል። ስለዚህ ዳሩን በእጅሽ ዘርግተሽ ያዢና ክሩን በዚያው ልክ ልቀቂው። መስመርሽ ከ6 ረድፍ ከበለጠ ግን መቁረጡ ይሻላል። ሁለቱን ልቃቂት ደግሞ አንድ ዕቃ ውስጥ አታስቀምጪ፤ ውሉ ይጠፋብሻል።

ጥያቄ፦ እኔ የምፈልገው 3 ረድፍ ነው። ክሩ ግን በወዲያኛው ዳር ይቀርብኛል። (ከደብረ ብርሃን)

ሦስተኛ ቀለም ጨምሪ። ሦስት ቀለም በጎደሎ ረድፍ ሲፈራረቅ ተራው የደረሰው ክር ሁሌም በምትጀምሪበት ዳር ይገኛል። ወረቀት ላይ ቀስት እየሳልሽ ሞክሪው፤ ደስ ይላል።

ጥያቄ፦ ሁለቱን ጫፍ ቋጥሬ ብተወውስ?

ተይ። ቋጠሮ ወይ ይፈታል፣ ወይ አንድ ቀን በፊት በኩል ብቅ ይላል። አንድ ስንዝር ያህል ጫፍ ተዪ። ዐይኑ ሰፊ፣ ጫፉ ደነዝ ያለ መርፌ ውሰጂ። ያለሽ ሹል ከሆነ ድንጋይ ላይ አሸት አሸት አድርጊው፤ ሹል መርፌ ክሩን ይሰነጥቃል። ከዚያ በውስጥ በኩል ነጩን በነጩ፣ ሰማያዊውን በሰማያዊው መስመር ውስጥ ሸጉጪ። ጥቂት ሄደሽ ወደ መጣሽበት ተመለሺ። መመለሱ ነው የሚያስረው። ሹራቡን ወጠር አድርገሽ ከለቀቅሽ በኋላ ትርፉን ቁረጪ። ሰው ሠራሽ ክር ያንሸራትታል፤ ለሱ ጫፉን አስረዝሚ።

ጥያቄ፦ እናቴ የፈተለችው የበግ ሱፍ አለኝ። ለባለ መስመር ይሆናል? (ከሞላሌ)

ታድለሽ! የመንዝ በግ ጥቁርም ነጭም ቡኒም ስላለው ያለ ምንም ቀለም መስመር ይወጣልሻል። ሌላም ጥቅም አለው። ክሩ መሐል ላይ ሲያልቅ ጫፍ ሳይተርፍ ይቀጠላል። የሁለቱንም ክሮች ጫፍ ጣት በሚያህል ርዝመት ፍቺና አፍታቺው። አደራርቢያቸው። በውኃ አርጥበሽ በሁለት መዳፍሽ መሐል እስኪሞቅ ፈትጊው። ሱፉ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ብትስቢውም አይለቅም። በጥጥና በሰው ሠራሽ ክር ግን አትድከሚ፣ አይያያዝም። ጥቁርና ነጭ እንዲህ ከቀጠልሽ መጋጠሚያው ዥጉርጉር ስለሚሆን ዳር ላይ እንዲውል አድርጊ።

አንድ ነገር ብቻ፦ ለባና (ለሱፍ ብርድ ልብስ) የሚሆን ሻካራ ፈትል የሕፃን አንገት ይበላል። ከሥር የጥጥ ካናቴራ አልብሺው።

ጥያቄ፦ ወንድ ነኝ፣ ኮፍያ እሠራለሁ። ዙሩ በሚጋጠምበት ቦታ መስመሩ ደረጃ ይሠራብኛል። (ከደብረ ሲና)

በርታ ወንድሜ። የዙር ሥራ እንደ ጠመዝማዛ ስለሚወጣ ነው እንጂ የእጅህ ጉድለት አይደለም። አዲሱን ቀለም አንድ ዙር ሙሉ ሥራ። ሁለተኛውን ዙር ስትጀምር ከመጀመሪያው ቀለበት ሥር ያለውን የድሮውን ቀለም ቀለበት በመርፌው አንሳና ሁለቱን አንድ ላይ ሥራቸው። ደረጃው ጨርሶ ባይጠፋም ዐይን አይገባም።

ጥያቄ፦ የአንገቱ ላስቲክ (ቀኝና ግልብጥ እየተፈራረቀ የሚሠራው ተለጣጭ ጠርዝ) ላይ ቀለም ስቀይር የድሮው ቀለም ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል።

የአዲሱን ቀለም የመጀመሪያ ረድፍ በሹራቡ ፊት በኩል ጀምሪና ግልብጥ ሳትቀላቅዪ ሁሉንም በቀኝ ሥሪው። ከቀጣዩ ረድፍ ወደ ላስቲኩ ተመለሺ።

ጥያቄ፦ ቀይና ነጭ ጀምሬያለሁ። ቀዩ ይለቅ ይሆን? (ከሸዋ ሮቢት)

ከመቀጠልሽ በፊት ቁራጭ ቀይ ክር አርጥበሽ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለሽ ጨምቂው። ጨርቁ ከቀላ ያንን ክር ለብቻው ለሚሠራ ነገር አቆዪው። ሳይነካው ከቀረ ቀጥዪ፤ ሲያልቅም በቀዝቃዛ ውኃ እጠቢው፣ ሳትዘፈዝፊ።