አሜሪካ ከኢራን የኒውክሌር ስምምነት ለምን ወጣች?

ወንድማችን፣ «ኢራን ቃሏን ጠብቃለች እየተባለ አሜሪካ በ2018 ለምን ወጣች? ሌላስ እንዲህ ያደረገ አገር አለ?» ብለህ ጠይቀሃል። ብዙዎች «ትራምፕ የኦባማን ሥራ ማፍረስ ስለሚወድ ነው» ብለውሃል። ውሸት አይደለም፤ ግን እዚያ ላይ ካቆምን ዋናው ያመልጠናል። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ያኔ ዱባይ፣ ዴራ፣ ክሪኩ ዳር አንድ የጭነት ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። ወደ ኢራን ወደብ ወደ ባንደር አባስ በሚሄዱት የእንጨት ጀልባዎች የሚጫነውን ፍሪጅ፣ የመኪና ጎማ፣ ሻይ ቅጠል እመዘግባለሁ። ትራምፕ መውጣቱን ያወጀው ሜይ 8 ነው፤ በእኛ ሰዓት ከምሽቱ አራት አልፎ ነበር። በማግስቱ ሃጂ የምንለው ኢራናዊ ደንበኛችን መጣና ጎማውን ሳያስጭን ቁጭ አለ። ስልክ ይደውላል፣ የኢራንን ገንዘብ የሪያልን ዋጋ ይጠይቃል፣ ይዘጋል፣ ደግሞ ይደውላል። ሪያል ቀድሞም እየወደቀ ነበር፤ መንግሥታቸው ኤፕሪል ላይ ዶላርን 42,000 ሪያል ብሎ ቢተምንም ሃጂ በዚያ ዋጋ የሚሸጥለት አላገኘም። ጎማውን በኋላ እዚያው ዴራ በኪሳራ ሸጠው።

ጎማን የኒውክሌር ነዳጅም ቦምብም ከሚሠራበት ከዩራኒየም ጋር ምን አገናኘው? እኔም ግራ ገብቶኝ ነበር፤ የገባኝ የምንሠራበት ባንክ «ኢራን የሚል ስም ያለበትን ክፍያ አናስተላልፍም» ሲለን ነው። ኢራን የኒውክሌር ሥራዋን ለመገደብ ስትስማማ የተነሣላት የአሜሪካ ማዕቀብ ገና ተመልሶ አልጸናም፤ የመጀመሪያው ዙር ኦገስት፣ ነዳጁንና ባንኩን የሚነካው ኖቬምበር ላይ ነበር የሚጀምረው። ባንኩ ግን አልጠበቀም። ዶላር የሚነካ ሁሉ ዋሽንግተንን ይፈራል፤ ዲርሃም ደግሞ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው።

መልሴ እዚህ ላይ ነው። መንግሥት የሚወጣው ሌላው ወገን ስላፈረሰ ብቻ አይደለም። ውጭ ሆኜ የበለጠ አገኛለሁ፣ ለመውጣቴም ብዙ አልከፍልም ብሎ ሲያሰላ ይወጣል። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጀርመን በስምምነቱ እንቆያለን አሉ፤ ግን የፈረንሳዩ የነዳጅ ኩባንያ ቶታል ከኢራን የጋዝ ሥራው ወጣ፣ ኤርባስም አውሮፕላን የሚሸጥበት ፈቃድ ተነሣበት። አሜሪካ ብቻዋን ወጥታ የሌሎቹን ኩባንያዎች ይዛ ሄደች ማለት ነው።

ቅሬታዋ ኢራን አፈረሰች የሚል ብቻ አልነበረም፤ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ተቆጣጣሪዎችማ ኢራን ገደቡን እንደጠበቀች ደጋግመው ዘግበዋል። ዋናው ቅሬታ ስምምነቱ ጠባብ ነው የሚል ነበር። በ2015 ቪየና ላይ ኢራን ዩራኒየም ከ3.67 በመቶ በላይ ላታበለጽግ፣ ከ300 ኪሎ በላይም ላታከማች ለ15 ዓመት ተስማማች። ከዚያስ በኋላ? ሚሳኤሉስ? ኢራን የምትደግፈው የሊባኖሱ ታጣቂ ቡድን ሄዝቦላህስ? ስምምነቱ ውስጥ የሉም። እኔ ይህ ክርክር ክብደት አለው ባይ ነኝ፤ መድኃኒቱ መውጣት ነበር ወይ የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው።

የአገር ውስጥ ዋጋውም ርካሽ ነበር። ስምምነቱ የአሜሪካ ሴኔት ያጸደቀው ውል አይደለም፤ 47 ሪፐብሊካን ሴናተሮች ገና በማርች 2015 ለኢራን መሪዎች በግልጽ ደብዳቤ፣ ቀጣዩ ፕሬዚዳንት በአንድ ፊርማ ሊሰርዘው እንደሚችል ነግረዋቸዋል። ደግሞ ስለ ስምምነቱ የወጣው የአሜሪካ ሕግ፣ ኢራን ቃሏን እየጠበቀች ስለመሆኗ ፕሬዚዳንቱ በየ90 ቀኑ ለኮንግረስ ማረጋገጫ እንዲሰጥ ያዝ ነበር። በምርጫ ዘመቻው ስምምነቱን ሲረግም የከረመ ሰው በየሦስት ወሩ ደህና ነው ብሎ ሊፈርም! ኦክቶበር 2017 ላይ እምቢ አለ። እንቆይ ይል የነበረው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ቲለርሰን ማርች 2018 ላይ ተባረረ፣ ኤፕሪል ላይ ስምምነቱን አጥብቆ የሚቃወመው ቦልተን የብሔራዊ ደኅንነት አማካሪ ሆኖ ገባ፤ ከዚያ በኋላ የሚይዘው አልነበረም።

ሒሳቡ ልክ ወጣ አላልኩም። ኢራን አንድ ዓመት ጠብቃ ከ2019 አጋማሽ ጀምሮ ገደቦቹን አንድ በአንድ አለፈች፤ በ2021 ዩራኒየም እስከ 60 በመቶ ማበልጸግ ደረሰች።

ለሁለተኛው ጥያቄህ፣ ሰሜን ኮሪያ አለችልህ። እሷ የወጣችው የኒውክሌር መሣሪያ እንዳይስፋፋ ከሚከለክለው ውል ነው። ውሉ መውጣት ለሚፈልግ አገር የሦስት ወር ማስታወቂያ ይጠይቃል። ሰሜን ኮሪያ በ1993 እወጣለሁ ብላ ሊጸና አንድ ቀን ሲቀረው አቆመችው፣ ከአሜሪካ ጋርም ድርድር ያዘች። ከዓመታት በኋላ፣ በድርድሩ መሠረት የሚሰጣት ነዳጅ ሲቋረጥ ጃንዋሪ 2003 ላይ፣ የ1993ቱን ማስታወቂያ ካቆመበት ቀጥላ ቆጥራ፣ የቀረኝ አንድ ቀን ብቻ ነው አለችና በማግስቱ ወጣሁ አለች።