ጥያቄና መልስ፦ ከመቅኔ ንቅለ ተከላ በኋላ ስለሚመጣ መንዘፍዘፍ

ንቅለ ተከላ ክፍል የሠራችው ሲስተር የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎችን ጥያቄ ትመልሳለች።

የሰኞ ገበያዋ፦ ሲስተር፣ ወንድሜ ህንድ አገር የስቴም ሴል፣ ማለትም የመቅኔ ንቅለ ተከላ ተደርጎለት መጣ። የተተከለው ሴል ሰውነቱን እንዳያጠቃ ሳይክሎስፖሪን የሚባል መድኃኒት ይወስዳል። ትናንት ራሴን አለ፣ ዓይኔ ብዥ አለብኝ አለ፣ ከዚያ አንዘፈዘፈው። በፊት አያውቀውም።

ሲስተር፦ እግዜር ይማርልሽ እህቴ። ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰጂው። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ ግፊት ይለካል። ሳይክሎስፖሪንም፣ ለተመሳሳይ ሥራ የሚሰጠው ታክሮሊመስም ግፊት ሊጨምሩ ይችላሉ። በዚህ የተነሳ ከኋላ በኩል ያለው የአንጎል ክፍል ሊያብጥ ይችላል፤ ዓይኑ ብዥ ያለው ለዚህ ሊሆን ይችላል። ፕሬስ ይባላል፣ በኤም አር አይ ይታያል። ቶሎ ከተደረሰበት አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ሁለቱ መድኃኒቶች ማግኒዚየምም በሽንት ያስወጣሉ፤ እሱ ሲወርድም ያንዘፈዝፋል። ሶዲየምና ደም የሚያረጋው ፕላትሌትም ይታዩ። ፕላትሌት ካነሰ ጭንቅላት ውስጥ መድማት ሊኖር ይችላል። ትኩሳት ወይም መርሳት ካለ ኢንፌክሽን ይፈለጋል። መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ አታቁሙ።

የኮምቦልቻ ልጅ፦ መድኃኒቱ ከሆነ የጣለው ለምን አያቆምም?

ሲስተር፦ አሁን ተናገርኩ እኮ! ካቆመ የተተከለው ሴል የታማሚውን ሰውነት ሊያጠቃ ይችላል። የሚቀንሰውም የሚቀይረውም ሐኪሙ ነው።

ቧንቧ ውሃ፦ እኛ ሰፈር ክብሪት ሲያሸቱት ይነሳል።

ወሎዬው፦ በራሱ ጊዜ ነው የሚነሳው ወንድሜ፣ ክብሪቱ ምን አደረገ?

ቧንቧ ውሃ፦ በዓይኔ አይቻለሁ።

አንዷ፦ ጸበልስ?

ሲስተር፦ ጸበሉንም ዱዓውንም አልከለክልም፤ መድኃኒቱ አይቋረጥ። ክብሪት ይቅር። በጎኑ አስተኙት፣ ሰዓት ያዙ፣ አፉ ውስጥ ማንኪያም ጨርቅም አታስገቡ። የሚጥል በሽታ እንዳለበት የታወቀ ሌላ ሰው 5 ደቂቃ ካለፈው ሆስፒታል ይወሰዳል። ንቅለ ተከላ የተደረገለት ግን 1 ደቂቃም ቢሆን ይሂድ።

ተጓዧ፦ እኔ ገና ልሄድ ነው። የሚጥል በሽታ ሳይኖርብኝ መድኃኒቱን ትወስጃለሽ አሉኝ።

ሲስተር፦ ከንቅለ ተከላው በፊት ቡሱልፋን የሚባል የኬሞ መድኃኒት ሊሰጡሽ ይሆናል። እሱ አንጎል ደርሶ ሊያንዘፈዝፍ ስለሚችል ትወስጃለሽ ያሉሽ መከላከያው ነው። ጠይቂያቸው።

አንዱ፦ ምን ይብላ? ዋጋውስ?

ሲስተር፦ ዋጋ እኔን አትጠይቁ። ግሬፕፍሩት አይንካ።

የሰኞ ገበያዋ፦ ለእናቴ ለሚጥል በሽታ የታዘዘ ፌኖባርቢታል ቤት አለ። ለዛሬ ብሰጠውስ?

ሲስተር፦ በፍጹም! ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይን፣ ካርባማዜፒን፣ ሦስቱም ጉበት ሳይክሎስፖሪኑን ቶሎ እንዲያጠፋው ያደርጋሉ። በደሙ ውስጥ ያለው መጠን ይወርዳል፤ ሳታውቂው መድኃኒቱን እንዳቆምሽበት ነው። ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ ሌላው የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ ሌቬቲራሴታም፣ የሚመረጠው። የፈንገስ መድኃኒቶች፣ እነ ቮሪኮናዞል፣ ደግሞ በተቃራኒው መጠኑን ከፍ ያደርጉታል። የሚወስደውን ሁሉ ከነካርቶኑ በፌስታል ይዘሽ ሂጂ፤ ተረኛው ሐኪም ምንም ነገር ከማዘዙ በፊት ጠረጴዛው ላይ ዘርግፊለት።