ቲማቲሙን ለበጋ አቆዩት፦ ለአራቱ የጅማ ጎረቤታሞች

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጅማ ነው። ቡና አብረን የምንጠጣ አራት ጎረቤታሞች ጓሯችንን ማልማት ጀምረናል። አምና ግንቦት ላይ ቲማቲም ተከልን። ሐምሌ ላይ ቅጠሉ ጠቆረ፣ ፍሬውም ቡናማ ሆኖ በሳምንት አለቀ። ‹ምች መታው› አሉን። ጎመኑም ቀጭጮ ቀረ። ዘንድሮ ዝናቡ ሊጀምር ነው፤ ምን ብንተክል ይሻላል?»

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄዎን ሳነብ የራሴ ጓሮ ትዝ አለኝ። ከኮሌጅ እንደወጣሁ ሰኔ ላይ 20 ችግኝ ተክዬ አንዲት ቲማቲም ሳልቀምስ ቀረሁ። «ባለሙያው» እያሉ እስካሁን ይስቁብኛል።

ምች ያሉት በሽታ ነው። አምጪው ፋይቶፍቶራ የሚባል ሻጋታ መሰል ተሕዋስ ነው፤ ድንችንም የሚጨርሰው እሱው ነው። የሚመቸው ልክ እንደ ጅማ ክረምት ነው፦ ቀዝቀዝ ያለ አየር፣ ቀኑን ሙሉ የማይደርቅ ቅጠል። ከጠረጠሩ ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ ቅጠሉን ገልብጠው ይዩት። በጠቆረው ቁስል ዙሪያ ስስ ነጭ ሻጋታ ካለ እሱ ነው። ፀሐይ ከወጣ በኋላ ላያገኙት ይችላሉ። የታመመውን ነቅለው ከጓሮ ያውጡት፤ ኮምፖስት ውስጥ እንዳይጨምሩት።

መድኃኒት የለም ወይ ካሉኝ፣ ማንኮዜብ አለ። እሱ ግን ቀድሞ ይከላከላል እንጂ የታመመ ቅጠል አያድንም፤ ዝናብም ያጥበዋል። ለአሥር እግር ቲማቲም ብዬ እኔ አልደክምበትም። በሃይላንድ ተቀድቶ የሚሸጥ ኬሚካልማ በፍጹም አይግዙ። በስንት ውሃ እንደሚበጠበጥ፣ ከተረጨ ከስንት ቀን በኋላ እንደሚበላ የሚነግርዎ ጽሑፍ የለውም።

የእኔ ምክር ወቅቱን መቀየር ነው። ዘሩን ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ከላይ ላስቲክ በተጋረደ መደብ ይዝሩት። ከ4 እስከ 5 ሳምንት ሲሞላው፣ መስከረም መጨረሻ ገደማ ያዛውሩት። በመስመሮቹ መካከል 1 ሜትር፣ በችግኞቹ መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። አምና ድንች ወይም ቲማቲም የነበረበት ቦታ ላይ ግን አይሆንም። እንጨት ይደግፉለት፣ መሬት የነካውን ቅጠል ይቁረጡ፣ ውሃውን ሥሩ ላይ ያፍስሱ። ጥቅምት ላይ ዝናቡ ሲቀንስ ማጠጣት ግድ ይላል። ቤታችሁ አዌቱ ዳር ከሆነ ግን ይጠንቀቁ፤ ወንዙ ከተማውን አቋርጦ ስለሚያልፍ ቆሻሻ ይዞ ነው የሚወርደው። ሰላጣና በጥሬው የሚበላ ነገር በወንዙ ውሃ አያጠጡ።

እስከዚያ ክረምቱ የጎመን፣ የቆስጣ፣ የዱባና የጎደሬ ነው። ከቆርቆሮው ጠርዝ ውሃ የሚወርድበት ረግረግ ጥግ ካለ ለጎደሬ ይስጡት። ሌላው እዚያ ሲበሰብስ እሱ ይፋፋል። ካሮት ከፈለጋችሁ መደቡን 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጉት።

ጎመኑ ለምን ቀጨጨ? ሳላየው እርግጠኛ መሆን አልችልም። አሮጌ ቅጠሎቹ ወደ ሐምራዊ ሄደው ከነበረ ግን አፈሩን እጠረጥራለሁ። የጅማ ቀይ አፈር ብዙ ጊዜ አሲዳማ ነው። ዝናቡ ኖራ መሰሉን ነገር አጥቦ ይወስደዋል፣ ፎስፈረሱም አፈሩ ውስጥ ይታሰርና ሥሩ አያገኘውም። ለጓሮ የእንጨት አመድ ይበቃል፤ ለአንድ ካሬ ሜትር ሁለት እፍኝ፣ በዓመት አንዴ። ከትኩስ ፍግ ጋር በአንድ ቀን አይቀላቅሉት፣ የፍጉ ናይትሮጅን ይተንናል። ፌስታል የነደደበትን አመድ ይተዉት። የድንች መደብ ላይም አይጨምሩ፣ የድንቹ ልጣጭ እከክ መሰል ቁስል ያወጣል።

ሌላው ሀብታችሁ የቡና ገለፈት ነው። በየቦታው ተከምሮ ታዩታላችሁ። ትኩሱን ግን ችግኝ ሥር እንዳትጨምሩት፤ ካፌይኑና ታኒኑ ችግኙን ያቀጭጨዋል። ከእበትና ከአረንጓዴ ሣር ጋር እያፈራረቃችሁ ከምሩት፣ እርጥበቱን ጠብቁ፣ በየሁለት በሦስት ሳምንቱ አገላብጡት። ዛሬ ከጀመራችሁ ከሦስት አራት ወር በኋላ ጠቁሮ ይደርሳል። እጅዎን ሲያስገቡ የሚሞቅ ከሆነ ገና ነው። የደረሰው የዝናብ ጫካ አፈር ይሸታል።

አራት መሆናችሁ ደግሞ ለኪስም ይጠቅማል። አንድ ግራም የቲማቲም ዘር 300 ገደማ ፍሬ አለው። የ10 ግራም ፓኬት ለአራት ጓሮ ከሚበቃው በላይ ነው። አንድ ገዝታችሁ ተካፈሉ፣ የተረፈውን ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡት። የችግኝ መደቡም አንድ ቤት ብቻ ይሁን፤ በአራት ቤት ከሚበታተን አንዱን በደንብ መጠበቅ ይሻላል። የማን ጓሮ ይሁን የሚለውን ቡናው ላይ ተነጋገሩበት። ዶሮ የሌለበት ቤት ቢሆን ግን እመርጣለሁ።