ምርቃቱ ለምን ተቆራረጠ?

ጠያቂያችን የእህታቸውን መልስ በሶኒ ሃንዲካም ቀርፀው ካርዱን ላፕቶፕ ላይ ቢከፍቱት፣ ስማቸው ቁጥር ብቻ የሆነ ብዙ ቁርጥራጭ ፋይል አገኙ። ይባስ ብሎ የሽማግሌዎቹ ምርቃት ሦስት ቦታ ተከፍሏል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፍም ድምፁ ለቅጽበት ይጠፋል። «የተበላሸው ካሜራው ነው ወይስ እኔ ነኝ ያጠፋሁት?» ይላሉ።

ካሜራውም እርስዎም ደህና ናችሁ። ፋይል በሁለት ምክንያት ይቆረጣል። አንዱ የእርስዎ ጣት ነው፤ ሪከርድ ተጭነው ባቆሙ ቁጥር አዲስ ክሊፕ ይፈጠራል። እነዚህን አይቀጣጥሏቸው፣ ለኤዲቲንግ የሚመቹት ተለያይተው ሲቀመጡ ነው። ሌላው ካሜራው ራሱ ነው። እስከ 32 ጊጋ ያሉ ካርዶች ፎርማት የሚደረጉት ፋት 32 (FAT32) በሚባል የፋይል አቀማመጥ ሲሆን፣ ይህ አሠራር ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም። ስለዚህ ኤቪሲኤችዲ (AVCHD) በሚባለው የቪዲዮ ፎርማት የሚቀርፁ ካሜራዎች 2 ወይም 4 ጊጋ አካባቢ ሲደርሱ፣ ቀረፃው ሳይቆም ሌላ ፋይል ይከፍታሉ። በሰከንድ 24 ሜጋቢት ሲቀርፁ 2 ጊጋ የሚሞላው በ11 ደቂቃ ገደማ ነው። የኛ ሽማግሌዎች ደግሞ በ11 ደቂቃ መርቀው አይጨርሱም።

የትኞቹ አንድ ቀረፃ እንደሆኑ ለማወቅ መጠናቸውን ይዩ። ቁጥራቸው ተከታታይ፣ መጠናቸው እኩል ለእኩል ሆኖ መጨረሻቸው ላይ አነስ ያለ ፋይል ካለ፣ ካሜራው የቆረጣቸው ናቸው። ድምፁም አልጠፋም፤ መቁረጫው ላይ ለሁለት ስለተከፈለ ፋይሎቹን ለየብቻ ኤዲቲንግ ውስጥ ሲያስገቧቸው መጋጠሚያው ሳይነበብ ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ ያጋጥሟቸው። ከካሜራው ጋር የመጣው ሶፍትዌር በቀጥታ ከካርዱ ሲያስገባ ራሱ ያገጣጥማል። እሱ ከሌለዎት ቲኤስ ሙክሰር (tsMuxeR) የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃል፦ የመጀመሪያውን ፋይል ይጨምሩ፣ ቀጣዮቹን «ጆይን» በሚለው ያስከትሉ። ሬንደር ስለማያደርግ፣ ማለትም ቪዲዮውን እንደ አዲስ ስለማይሠራው፣ ጥራቱ አይነካም።

ዋናው ስህተት የሚሠራው ሲገለበጥ ነው። ብዙ ሰው «ስትሪም» የሚለው ፎልደር ውስጥ ገብቶ ቪዲዮዎቹን ብቻ ይጎትታል። «ፕራይቬት» የሚለውን ፎልደር እንዳለ ይገልብጡ፤ የትኛው ፋይል ከየትኛው እንደሚቀጥል የሚናገሩት ትንንሾቹ ፋይሎች እዚያው ናቸው። ለእያንዳንዱ ዝግጅት የራሱ ፎልደር ይክፈቱ። ካርዱ ፎርማት ሲደረግ ቁጥሩ ከዜሮ ሊጀምር ስለሚችል፣ ክርስትናውን መልሱ ላይ ሲገለብጡ ኮምፒውተሩ «ልተካው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሰውም ሳያነብ «እሺ» ይላል። ካሜራው የሚመዘግበው በፈረንጅ ቀን ስለሆነ የፎልደሩንም ስም ዓመቱን አስቀድመው በዚያው ይጻፉ፣ ከጎኑ «መልስ» ብለው በአማርኛ ይጨምሩበት።

ካርዱ ላይ ያለን ፋይል በኮምፒውተር ስሙን አይቀይሩ፣ አያጥፉም፤ ካሜራው የራሱን መዝገብ ስቶ የቀረውንም አላሳይም ሊል ይችላል። ሁለት ቦታ ከገለበጡና ከፍተው ካዩ በኋላ ፎርማቱን በካሜራው ያድርጉ።

የተገጣጠመው ምርቃት ከ4 ጊጋ ካለፈ ለዘመድ የሚሰጡት ፍላሽ በፋት 32 ከሆነ አይቀበለውም። ፍላሹን ባዶ አድርገው ከ4 ጊጋ የሚበልጥ ፋይል በሚቀበለው በኤክስፋት (exFAT) ፎርማት ያድርጉት። ቆየት ያሉ ቴሌቪዥኖች ግን ኤክስፋት ላያነቡ ስለሚችሉ፣ ከመስጠትዎ በፊት የተቀባዩ ቴሌቪዥን ላይ ይሞክሩት።